ስለ ደሞዝ ዝም ያለው ፏፏቴ

ኒውዮርክ ውስጥ፣ ማንሃተን መሃል፣ ብራያንት ፓርክ የሚባል ቦታ አለ። በስድስተኛ አቬኑ በኩል ስትገቡ አንድ ክብ የግራናይት ፏፏቴ ታገኛላችሁ። ስሙን ባታውቁትም ፎቶውን ሳታዩት አትቀሩም። ጥርና የካቲት ላይ ብርዱ ሲጠና ውሃው እየወረደ ባለበት በረዶ ሆኖ ይቀራል፤ ያኔ ያለፈ ያገደመው ሁሉ ስልኩን አውጥቶ ይከበዋል። ሙቀቱ ሲመለስ ደግሞ በአካባቢው ካሉት ቢሮዎች የወጣ ሰው ምሳውን ይዞ አጠገቡ ይቀመጣል። ቆንጆ ነው፤ ማንም አይክድም።

ይሄ ፏፏቴ የመታሰቢያ ሐውልት ነው። የቆመው ጆሴፊን ሾው ሎዌል ለምትባል በጎ አድራጊ ነው። ቻርልስ ፕላት የተባለ አርክቴክት ነደፈው፤ በ1912 ቆመ (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። በኒውዮርክ ከተማ ለሴት የተሠራ የመጀመሪያው ትልቅ ሐውልት እንደሆነም ይነገርለታል። ሐውልት ስላችሁ ግን መልኳን እንዳትፈልጉ፤ የለም። ያለው ድንጋይ፣ ውሃና አንድ ጽሑፍ ነው።

ጠቤ ከጽሑፉ ጋር ነው። አንድን ሰው «በጎ አድራጊ» ብሎ ማክበር፣ ያ ሰው የጠየቀውን ነገር ላለመመለስ ከተፈጠሩት መንገዶች ሁሉ ምቹው ነው። ሎዌል በኋለኛው ዕድሜዋ ስለ ምጽዋት ብቻ ሳይሆን ስለ ደሞዝም ትጨቃጨቅ ነበር። ከሞተች በኋላ ፏፏቴ ተሠራላት። ስለ ደሞዝ ግን ድንጋዩ ላይ አንድ ቃል አልተጻፈም።

ሴትዮዋን እንተዋወቅ። በ1843 ከሀብታም ቤተሰብ ተወለደች። ወንድሟ ሮበርት ጉልድ ሾው በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የጥቁር ወታደሮችን ክፍለ ጦር፣ 54ኛውን የማሳቹሴትስ ጦር፣ የመራው መኮንን ነው፤ በ1863 ከወታደሮቹ ጋር ወደቀ። የዚያን ጦር ታሪክ በፊልም ያያችሁት ትኖራላችሁ። ብዙ ሰው የሚዘለው ክፍል ግን የደሞዙ ነው። ለነጭ ወታደር በወር 13 ዶላር ሲከፈል ለጥቁሩ የታሰበው 10 ነበር፤ ከዚያም ላይ ለልብስ 3 ተቆርጦ 7 ይቀራል። ወታደሮቹ «ይሄንን አንቀበልም» አሉ። የአሜሪካ ምክር ቤት በ1864 እኩል ክፍያ እስኪፈቅድ ድረስ እየተዋጉና እየሞቱ ደሞዝ ሳይቀበሉ ቆዩ። ምጽዋት አልለመኑም፤ የሠሩበትን ነው የጠየቁት። ይሄ ታሪክ የሎዌል የቤተሰብ ታሪክ ነው።

በዚያው በ1864 ባሏም በጦር ሜዳ ሞተ። ከተጋቡ አንድ ዓመት ገደማ ቢሆናቸው ነው። ሴት ልጇን የወለደችው ባሏ ከሞተ በኋላ ነው።

ከዚያ በኋላ ወደ በጎ አድራጎት ሥራ ገባች። በ1876 የኒውዮርክ ግዛት የበጎ አድራጎት ቦርድ የመጀመሪያዋ ሴት ኮሚሽነር ሆነች። በ1882 የከተማዋን የበጎ አድራጎት ድርጅቶች የሚያስተባብር ማኅበር ከመሠረቱት አንዷ ነበረች። እዚህ ላይ ሐቁን ልናገር፤ የዚያን ዘመኗ ሎዌል አታስወድድም። መንግሥት ለድሆች በየቤታቸው ከሰልና ምግብ መስጠቱን አጥብቃ ተቃውማለች፤ ሰው ያሰንፋል ብላ። ማኅበሯ ርዳታ የጠየቀውን ሰው ስም በመዝገብ ይይዝ ነበር። የደህና ቤተሰብ ሴቶችን ወደ ድሀ ቤት እየላከ «ይሄ ይገባዋል፣ ያ አይገባውም» ያስብል ነበር። ከደጅህ የመጣውን ሰው ከመስጠትህ በፊት ድህነቱን አረጋግጥ፣ ነው ነገሩ። ዛሬም «እውነት ድሀ ነው ወይስ አታላይ?» እያልን ቪዲዮ ስንመረምር የምንውለው እኛ ከዚህ የራቅን አይደለንም።

ይሄችው ሴት ግን በ1889 ከግዛቱ ቦርድ ወጣች። ምክንያቷን በደብዳቤ ጽፋዋለች፤ በራሴ አባባል ላስቀምጠው። በከተማዋ በሺዎች የሚቆጠሩ ጥገኛ ድሆች አሉ፤ በደሞዝ የሚያድረው ሠራተኛ ደግሞ በመቶ ሺዎች ይቆጠራል። ከነዚህ ውስጥ ብዙ ሴቶች የሚከፈላቸው ነገር በረሃብ ጠርዝ ላይ የሚያቆያቸው ነው። ሠራተኛው የሚገባውን ቢያገኝ ኖሮ እነዚያን ድሆች ባላየናቸው ነበር። ሰው ሊሰምጥ ሲል ከማውጣት፣ መጀመሪያውኑ እንዳይገባ ማድረግ ይሻላል። አያችሁ? ለ13 ዓመት ድሀ ስትመረምር የኖረች ሴት፣ ምርመራው የተሳሳተ ቤት ውስጥ ሲካሄድ እንደኖረ ገባት። ድህነቱን ለማወቅ መንኳኳት ያለበት የአሠሪው በር ነበር።

እሷም አንኳኳች። በዚያ ዘመን የኒውዮርክ ትልልቅ መደብሮች ሀብታም የሚዝናናባቸው ቤተ መንግሥት መሰል ሕንፃዎች ነበሩ። ከባንኮኒው ጀርባ ያሉት ሻጭ ሴቶች ቀኑን ሙሉ ቆመው ይውላሉ፤ መቀመጫ ቢኖር እንኳ መቀመጥ ያስቀጣል። ሎዌልና ጓደኞቿ በ1891 የኒውዮርክ የሸማቾች ማኅበርን አቋቋሙ፤ የመጀመሪያዋ ፕሬዚዳንትም እሷ ሆነች። ማኅበሩ «ነጭ ዝርዝር» የሚባል ነገር አወጣ። ሠራተኛውን በደንብ የሚይዝ መደብር ስሙ ዝርዝሩ ላይ ይወጣል፤ ሸማቹም እዚያ ሄዶ ይገዛል። መጀመሪያ ሲወጣ 8 መደብሮች ብቻ ነበሩበት። በዚያ ሁሉ መደብር መሃል 8!

ዝርዝሩ ላይ ለመግባት የሚጠየቀውን መስፈርት ተመልከቱ። ሥራው እኩል ዋጋ ካለው ወንድም ሴትም እኩል ይከፈላቸው። ደሞዝ በየሳምንቱ ይሰጥ። ለምሳ ሦስት ሩብ ሰዓት ይኑር። ከባንኮኒው ጀርባ መቀመጫ ይኑር፣ መቀመጥም ይፈቀድ። ከ14 ዓመት በታች ያለ ልጅ አይቀጠር። ልምድ ያላት አዋቂ ሻጭ ዝቅተኛው ደሞዟ በሳምንት 6 ዶላር ይሁን። ከላይ በጠቀስኳቸው ውስጥ ርኅራኄ የሚል ቃል ታያላችሁ? የለም። ያለው ወንበር፣ ሰዓትና ብር ነው።

6 ዶላር የምትለዋን ቁጥር ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ሎዌል በ1905 ሞተች። በ1911 በዚያው ከተማ ትራያንግል የተባለው የሸሚዝ ፋብሪካ ተቃጠለና 146 ሠራተኞች አለቁ፤ አብዛኞቹ ወጣት ስደተኛ ሴቶች ነበሩ። የመውጫ በር ተቆልፎባቸው ነበር። ከተማው ስለ ሠራተኛ ሴቶች ከምንጊዜውም በላይ የሚያወራበት ሰዓት ነው። ፏፏቴው የቆመው በዓመቱ ነው። ታዲያ ጽሑፉ ምን ይላል? ጠንካራና ውብ ጠባይዋን ያወድሳል። የአገር ወዳድ ወታደር የአንድ ዓመት ሚስት፣ በወጣትነቷ ባሏ የሞተባት መሆኗን ይናገራል። የግዛቷንና የከተማዋን የምጽዋት ሥራ ማገልገሏን፣ ለዛሉት ርዳታና ተስፋ ማምጣቷን ይናገራል። በቃ። ሚስት፣ የሙት ሚስት፣ አገልጋይ። ነጭ ዝርዝሩ የት ሄደ? 6 ዶላሩስ? ወንበሩስ?

ከዚሁ ፓርክ ሳትወጡ የዊልያም ዶጅን ሐውልት ታያላችሁ። ዶጅ በብረታ ብረት ንግድ የከበረ ባለጸጋ ነበር፤ በጎ አድራጊም ይባላል። እሱ ከነሙሉ ልብሱ፣ ከነቁመቱ በነሐስ ቆሟል። ነጋዴው ገላ አለው፤ ነጋዴዎችን ስለ ደሞዝ ያፋጠጠችው ሴት ውሃ ሆናለች። ውሃ ደግሞ ጥሩ ነገሩ አይከራከርም፤ ይፈሳል፣ ያበርዳል፣ ፎቶ ያምርበታል።

«ኧረ ተይ/ተው፣ ፏፏቴ እኮ ነው! ሰው ይረፍበት» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት አለው። ብራያንት ፓርክ ገንዘብ ሳይከፍሉ የሚቀመጡበት ወንበርና ንጹሕ መጸዳጃ ቤት ያለው ቦታ ነው፤ በማንሃተን ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ቦታው ዱሮ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ ቀባሪ ያጡ ድሆች የሚቀበሩበት መሬት ነበር። አሁን ማንም ድሀ ገብቶ የሚያርፍበት መሆኑ በራሱ ጥሩ ነው። ውበትም ለድሀ ይገባዋል። እኔ ፏፏቴውን አፍርሱት አላልኩም። ያልኩት፣ የሰው ስም ተሸክሞ የቆመ ነገር የሰውየውን ሐሳብ ደግሞ ይሸከም ነው። ስሟን ካልፈለጋችሁት «ፏፏቴ» ብቻ በሉት።

ዝምታው ዋጋ ያስከፍላል፤ ያውም እስከ እኛ ቤት ድረስ። ከ1993 እስከ 2010 ድረስ የኒውዮርክ የፋሽን ሳምንት የሚካሄደው የት መሰላችሁ? ብራያንት ፓርክ ውስጥ፣ በድንኳን። ስለ መደብር ሻጮች ደሞዝ የተሟገተች ሴት መታሰቢያ አጠገብ የዓለም የልብስ ንግድ በየዓመቱ ድንኳን ይጥል ነበር። ልብሱን ማን እንደሰፋው፣ ስንት እንደተከፈለው እንዲጠይቅ ያንን ፏፏቴ አይቶ የሚነሳሳ ሰው ሊኖር አይችልም፤ ምክንያቱም ድንጋዩ አልነገረውም።

እንቀጥል። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2016 ተመረቀ። ወደዚያ ከመጡት ትልልቅ ኩባንያዎች አንዱ የካልቪን ክላይንና የቶሚ ሂልፊገር ባለቤት የሆነው ፒቪኤች ነው። ዋና መሥሪያ ቤቱ ማንሃተን፣ ማዲሰን አቬኑ ላይ ነው፤ ከፏፏቴው በእግር የሚደረስ። በ2019 የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን የቢዝነስ ትምህርት ቤት አንድ ጥናት አወጣ። በኢትዮጵያ የልብስ ስፌት ሠራተኞች መነሻ ደሞዝ በወር 26 ዶላር ነው አለ፤ ልብስ ሰፍተው ለዓለም ከሚሸጡ አገሮች ሁሉ ዝቅተኛው። ለቤት ኪራይ፣ ለምግብና ለትራንስፖርት እንደማይበቃም ጻፈ። ሠራተኞቹ ባብዛኛው ከገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች ናቸው። በዚያን ጊዜ በአገራችን ለግል ድርጅቶች የተቀመጠ የደሞዝ ወለል አልነበረም።

አሁን ያቺን 6 ዶላር አውጡ። በሳምንት 6 ዶላር በ52 ሳምንት ሲባዛ 312 ነው። ለ12 ወር ስታካፍሉት ስንት መጣ? 26።

ሎዌል በ1891 «ከዚህ በታች ከከፈላችሁ ስማችሁ ዝርዝር ላይ አይወጣም» ያለችው ቁጥርና ከ128 ዓመት በኋላ ለሐዋሳዋ ልጅ የተከፈላት መነሻ ደሞዝ፣ በዶላር ሲቆጠር አንድ ነው። በእርግጥ አንዱ ልምድ ላላት ሻጭ የተባለ ነው፣ ሌላው ለጀማሪ። ሐዋሳና ኒውዮርክ ኑሯቸው አይገናኝም። ግን የ1891 ዶላር የ2019 ዶላር አይደለም፤ ያኔ በ1 ዶላር የሚገዛው ነገር አሁን በብዙ ዶላር ነው የሚገዛው። ስለዚህ ልዩነቱ ቢሰላ የሚያሳፍረው ወደ ሎዌል በኩል አይደለም። ፒቪኤች ጦርነቱን ምክንያት አድርጎ በ2021 መጨረሻ ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስታወቀ፤ በ2022 መጀመሪያ ደግሞ ኢትዮጵያ ወደ አሜሪካ ገበያ ያለቀረጥ የምትልክበት የአጎዋ ዕድል ተቋረጠ። ያ 26 ዶላር እንኳ የቀረባቸው ብዙዎች ናቸው።

እዚህ ላይ ከባድ ጥያቄ ይመጣል፤ ሸሽቼ አላልፈውም። «ደሞዝ ጨምሩ ብትሉ ኩባንያው ይሄዳል፤ ሥራ ከማጣት 26 ዶላር አይሻልም?» ለዛሬ ማታ ራት ይሻላል። ግን ይሄ ክርክር ለኒውዮርክ ሻጮችም ተብሎ ነበር፤ ሁልጊዜም ይባላል። የሎዌል መልስ አንድ መደብር ብቻውን ደሞዝ ጨምሮ ይክሰር የሚል አልነበረም። ሸማቹ፣ መደብሩና ሠራተኛዋ አንድ ላይ የሚያውቁት፣ ተጽፎ የሚታይ ወለል ይኑር ነው። እውነት ነው፣ ነጭ ዝርዝር ብቻውን ዓለምን አልቀየረም፤ የሸማች ኅሊና ቶሎ ይደክመዋል። ለዚህም ነው ከእሷ ማኅበር የወጣው ብሔራዊ ማኅበር፣ በፍሎረንስ ኬሊ መሪነት፣ ከዝርዝር አልፎ ወደ ሕግ የሄደው። ወለሉ ሕግ ሲሆን መልካም አሠሪ ለመልካምነቱ አይከስርም።

«ምጽዋትስ? ዛሬ የራበው ሰው የደሞዝ ሕግ እስኪወጣ ይጠብቅ?» አይጠብቅ። አብሉት። ጎፈንድሚውንም ክፈቱ፣ የታመመውን አሳክሙ። እየሰመጠ ላለ ሰው ስለ ዋና ትምህርት አይወራለትም። የእኔ ተቃውሞ ከሰጪው ጋር አይደለም፤ መስጠትን የመክፈል ምትክ ካደረገው ሰው ጋር ነው። ሁለቱ በአንድ ኪስ ሲገናኙ ደግሞ የሚታወቀው ሰጪው ብቻ ነው። የተከፈለ ደሞዝ አይጨበጨብለትም፣ ቪዲዮ አይወጣለትም፣ ማንም «እግዜር ይስጥልኝ» አይልህም። ለዚህ ነው መስጠት የምንወደውና መክፈል የሚከብደን።

ኒውዮርክ ድረስ ምን አስኬደን፣ ካላችሁ ጓዳችሁን እዩ። በዓል ሲመጣ ለነዳያን የሚያበላ፣ ለአረጋውያን ልብስ የሚያዋጣ፣ ፎቶውንም የሚለጥፍ ስንት ቤተሰብ አለ? የቤት ሠራተኛዋስ? ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስታ እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት የምትቆመዋ ልጅ ስንት ነው የሚከፈላት? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 (ይሄ ዓመት በእኛው አቆጣጠር ነው) የቤት ሠራተኛን ቅጥር ከሽፋኑ አውጥቶ በሌላ ደንብ ይታያል ብሎ ነው ያለፈው። እኛም «እንደ ልጃችን ነው የምናያት» ብለን አለፍነው። እንደ ልጅ ማየት ጥሩ ነው፤ ልጃችሁ ግን ሰው ቤት ገብታ ብትሠራ ስንት እንዲከፈላት ትፈልጋላችሁ? መልሳችሁ እሱ ነው፤ እሱን ክፈሏት። «የድሮ ልብሴን ሰጠኋት» ደሞዝ አይደለም።

እኛ መታሰቢያን በተመለከተ ከኒውዮርክ የተሻለ ልማድ ነበረን። ለሞተ ሰው ተዝካር ይወጣል። ቃሉ ራሱ ማስታወስ ማለት ነው፤ የሚታወሰው ግን በወሬ ሳይሆን በማብላት ነው። ተዝካር ተባለና ድንኳን ተጥሎ፣ ሙሾ ወርዶ፣ እንጀራው ግን ሳይቀርብ ቢቀር አገር ይስቃል። የሎዌል ፏፏቴ እንደዚያ ያለ ተዝካር ነው፤ ድንኳኑ አምሯል፣ እንጀራው አልቀረበም። ተዝካሯን ማውጣት የፈለገ ሰው ሥራዋን ይሥራ።

ስለዚህ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ለኒውዮርክ፦ ከዚያ ጽሑፍ አጠገብ ሁለተኛ ጽሑፍ ይቀመጥ። የነጭ ዝርዝሩ መስፈርት በሙሉ ይጻፍበት፤ እኩል ክፍያው፣ የምሳ ሰዓቱ፣ ወንበሩ፣ 6 ዶላሩ። መጀመሪያ ድሀ ስትመረምር እንደነበረችና በኋላ አሠሪውን መመርመር እንደጀመረችም ይጻፍ፤ ሐሳቡን የለወጠ ሰው ከነለውጡ ቢታይ ክብር እንጂ ውርደት የለውም። ሰልፊ የሚነሳው ሁሉ ባያነበው እንኳ አንዷ ሻጭ፣ ምሳዋን ስትበላ፣ ታነበዋለች።

ለእኛ ደግሞ፦ አዋጁ የደሞዝ ቦርድ ይቋቋማል ይላል። እሱን ለምን እንደሸማች፣ እንደ ሠራተኛ፣ እንደ ወላጅ አንጠይቅም? ቀጥሎ ደግሞ የቅርቡ ነገር አለ። በየከተማችን አደባባይ፣ መንገድና የትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ «በጎ አድራጊ» የሚል ስም ሲጻፍ ታያላችሁ። ከማጨብጨባችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቁ፦ ጥበቃው፣ ጽዳቷ፣ ሾፌሩ፣ የቤት ሠራተኛዋ ስንት ነው የሚከፈላቸው? መልሱ ደህና ከሆነ አጨብጭቡ፣ ፏፏቴም ሥሩለት። ካልሆነ ግን ገንዘቡ የእነሱ ነበርና፣ ድንጋዩ ላይ መጻፍ ያለበት የእነሱ ስም ነው።